የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይስ ባንክ? የወልድያና የሀብሩ ተገልጋዮች ሊያመዛዝኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖር አርሶ አደር፣ ነጋዴ፣ መምህር ወይም የቀን ሠራተኛ ያፈራውን ገንዘብ የት ያስቀምጥ? ሲቸግረውስ ከየት ይበደር? ጥያቄው ከዕለት ኑሮ ጋር የተቆራኘ እንደመሆኑ ሁሉም በየጊዜው ይገጥመዋል። በዋናነት ሁለት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው በከተሞቹ ቅርንጫፍ የከፈቱት ባንኮች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በመሥሪያ ቤት፣ በሠፈር ወይም በቀበሌ የተደራጁት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ሁለቱም ቁጠባ ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ያበድራሉ፤ ነገር ግን በሕግ አቋማቸው፣ በባለቤትነታቸውና ለገንዘቡ በሚሰጡት ዋስትና ይለያያሉ። ልዩነቱን ሳያውቅ የሚወስን ተገልጋይ በሰላሙ ጊዜ ብዙም አይጎዳም፤ ድርቅ፣ ጦርነት ወይም የማኅበር ጉድለት ሲያጋጥም ግን ጉዳቱ ከባድ ይሆናል።

ሁለቱ ተቋማት በሕግ ፊት

ባንክ የባለአክሲዮኖች ወይም የመንግሥት ድርጅት ነው። በባንክ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ደንበኛ እንጂ ባለቤት አይደለም። የባንኩን ፈቃድ የሚሰጠውና ሥራውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአንድ ባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ እንዲል አድርጓል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የባንኩ ዘርፍ አቅሙ እየገዘፈ፣ ውድድሩም እየጠነከረ በመሄድ ላይ ይገኛል።

የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚተዳደረው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። በማኅበሩ የሚቆጥበው ሰው ዕጣ የገዛ አባል በመሆኑ ባለቤትም ተገልጋይም ነው። በጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ብዙ የቆጠበው ነጋዴና በየወሩ ጥቂት ብር የምታስገባው ጉሊት ቸርቻሪ በድምፅ እኩል ናቸው። ማኅበራቱን የሚመዘግበው፣ የሚደግፈውና ኦዲት የሚያደርገው በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን፣ ከዚያም በታች በክልል፣ በዞንና በወረዳ ያለው የኅብረት ሥራ መዋቅር ነው። ማኅበራቱ እንደ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር አይደሉም። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ጥቅሞችና ጉድለቶች በአብዛኛው ከዚህ አንድ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

አሠራሩ ከየት መጣ?

አቅማቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች ቁጠባቸውን አሰባስበው እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት ዘመናዊ ማኅበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን የተጀመረ ነው። ፍሪድሪሽ ራይፋይዘን የተባለው የገጠር አስተዳዳሪ በ1864 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የገበሬዎች የብድር ማኅበር ዓላማው ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪ ማላቀቅ ነበር። በዚያው በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረቱ። አሠራሩ ለረጅም ጊዜ በከተማ ደመወዝተኞች ተወስኖ ቆይቶ፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥትና በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ድጋፍ በተከታታይ ምዕራፎች በተካሄደው የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ገጠር ቀበሌዎች ተስፋፍቷል።

ለወሎ ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ዕቁብና ዕድር የመተማመንን ጉልበት ከማንም አስቀድመው አስተምረዋል። ልዩነቱ ዕቁብ ተራው ሲያልቅ የሚበተን፣ ዕድር ደግሞ ለሐዘንና ለችግር የሚውል መሆኑ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር በሕግ የተመዘገበ፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ቋሚና የራሱ ሒሳብ ያለው ተቋም ነው።

ማኅበሩ የሚሻልባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው መያዣን ይመለከታል። ባንክ በተለምዶ ለብድር ቤት፣ ተሽከርካሪ ወይም ሌላ የተመዘገበ ንብረት ይጠይቃል። በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅና ለጉልበት ገንዘብ የሚፈልገው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሆን፣ ባንክ የሚቀበለው ቤት ግን የለውም። ማኅበሩ የራሱን ቁጠባና የአባላትን ዋስትና ተቀብሎ ያበድረዋል። በብዙ ማኅበራት አባሉ ለተወሰኑ ወራት ሳያቋርጥ ከቆጠበ በኋላ የቁጠባውን እጥፍ ያህል ለመበደር ይበቃል፤ እጥፉ ስንት እንደሆነ የሚወስነው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ እየተሻሻለ መምጣቱን መጥቀስ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትን፣ ሰብልንና መሣሪያን የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ያለው አርሶ አደር የመሬት የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም በመያዣነት እንዲያቀርብ ያስችለዋል። ስለዚህ «ቤት የለኝምና ባንክ አያስጠጋኝም» ብሎ አስቀድሞ ተስፋ ከመቁረጥ በቅርብ ያለውን ቅርንጫፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም መሬትን ማስያዝ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያሳጣ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው ነጥብ የብድሩ መጠን ነው። ለባንክ አነስተኛ ብድር ማስተናገድ ከሚያስገኘው ገቢ አንጻር ወጪው ብዙ ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ከወሰነ ወዲህ ባንኮች ለማን እንደሚያበድሩ ይበልጥ ለመምረጥ ተገደዋል። ጣሪያው በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ ቢልም፣ የሚበደረው ገንዘብ ውስን በሆነ ቁጥር አነስተኛው ተበዳሪ ከወረፋው መጨረሻ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ማኅበሩ ግን የተቋቋመው ለዚሁ አነስተኛ ተበዳሪ ነው።

ሦስተኛው ትርፉ የአባላት መሆኑ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከወጪ የተረፈው ለመጠባበቂያ የሚገባው ከተቀነሰ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ለአባላት ይከፋፈላል። አራተኛው የቁጠባ ልማድ ነው። በየወሩ የግድ መቁጠብ፣ በመሥሪያ ቤት ማኅበራትም ከደመወዝ አስቀድሞ መቀነሱ፣ በራሱ ፈቃድ መቁጠብ ላቃተው ሰው ትልቅ እገዛ ነው።

የብድሩን እውነተኛ ዋጋ ማስላት

ብዙ ተገልጋዮች «ወለዱ ስንት በመቶ ነው?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። ከዚያ ያላነሰ አስፈላጊው ጥያቄ «ወለዱ የሚታሰበው በምን ላይ ነው?» የሚለው ነው። ለአብነት አንድ ሰው 60,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ ዋናውን ገንዘብ በ12 ወራት እኩል እየከፈለ ይጨርስ እንበል።

ወለዱ ሁልጊዜ በመነሻው 60,000 ብር ላይ የሚታሰብ ከሆነ በዓመቱ የሚከፍለው ወለድ 9,000 ብር ይሆናል። በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን 4,875 ብር ነው። የተጻፈው መቶኛ አንድ ቢሆንም ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በመሆኑም «የእኛ ወለድ ዝቅ ያለ ነው» የሚል ተቋም፣ ባንክም ይሁን ማኅበር፣ የክፍያ ሠንጠረዡን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ የተበዳሪው መብት ነው።

በማኅበራት ዘንድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከላይ የተጠቀሰው ተበዳሪ ለብድሩ መነሻ 20,000 ብር ቆጥቦ ከሆነና ዕዳው እስኪያልቅ ያንን ቁጠባ ማውጣት ካልተፈቀደለት፣ በእጁ የገባው አዲስ ገንዘብ 40,000 ብር ብቻ ነው፤ ወለድ የሚከፍለው ግን በ60,000 ነው። በታገደው ቁጠባ ላይ የሚያገኘው ወለድ ጉዳቱን ያቃልለዋል እንጂ አያስቀረውም። ይህ ሆኖም ወጪው ከአራጣ ብድር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ቁጠባ ወለድም አንድ እውነት መነገር አለበት። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የባንክ የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። የዋጋ ንረት ከወለዱ በላይ በሆነባቸው ዓመታት በባንክም ሆነ በማኅበር የተቀመጠ ብር የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። የቁጠባ ዋና ጥቅም ገንዘቡን ማብዛት ሳይሆን ለክፉ ቀንና ለሥራ መነሻ ማዘጋጀት መሆኑን መረዳት ይገባል።

ወለድ መቀበልና መክፈል ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ተገልጋዮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ የባንክ መስኮቶችና በዚሁ አሠራር ብቻ የሚሠሩ ባንኮች አሉ። ማኅበራትም ይህንኑ አሠራር በመተዳደሪያ ደንባቸው ማካተት ይችላሉ፤ አባል የሚሆነው ሰው በደንቡ መጻፉን ሊያረጋግጥ ይገባል።

ባንኩ የሚሻልባቸው ነጥቦች

ባንክ ቅርንጫፉ በመላ አገሪቱ ነው። በወልድያ የተከፈተ ሒሳብ ደሴም አዲስ አበባም ያገለግላል፤ በሞባይል ገንዘብ መላክና መቀበልም ይቻላል። ከዐረብ አገሮች የሚላክ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ የሚገባው በባንክና በመሰል ፈቃድ ባላቸው ተቋማት በኩል ነው። መጠኑ ከፍ ያለ ብድር፣ ለምሳሌ ለጭነት መኪና ወይም ለወፍጮ ቤት፣ ከአንድ ቀበሌ ማኅበር አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። በቁጠባና ብድር አገልግሎት ለክልሉ ገጠር ነዋሪ የቅርብ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኖ ወደ ባንክነት ተሸጋግሯል።

ከሁሉም በላይ ግን የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አንድ ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር የሚደርስ ክፍያ እንዲፈጸም ያደርጋል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ፈንድ አልተካተቱም። ማኅበሩ ቢከስር ለአባሉ ቁጠባ የሚቆመው የማኅበሩ ንብረት፣ መጠባበቂያውና ከተበዳሪዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ብቻ ነው።

በአንድ ሰማይ ሥር ያሉ አባላት

የማኅበሩ ትልቁ ጥንካሬ አባላቱ መተዋወቃቸው ነው። ማን ሠራተኛ፣ ማን ዕዳ አክባሪ እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል፤ ባንክ በብዙ ወረቀት የሚያጣራውን ማኅበሩ በአንድ ስብሰባ ይረዳል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥንካሬ የድክመቱም ምንጭ ነው። አባላቱ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ሰብል የሚዘሩ፣ አንድ ዝናብ የሚጠብቁ ናቸው። ዝናቡ ሲቀር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቸገራሉ፤ ተበዳሪው መክፈል ያቅተዋል፣ ቆጣቢውም በዚያው ሳምንት ገንዘቡን ለማውጣት ይመጣል። ባንክ የሰሜን ወሎን ጉድለት በሌላ አካባቢ ትርፍ ማካካስ ሲችል፣ የቀበሌ ማኅበር ግን ይህ አቅም የለውም።

የሰሜን ወሎ ያለፉት ዓመታት ይህን በሚገባ አሳይተዋል። በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ በዞኑ ቆላማ ወረዳዎች ሰብል አወደመ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዞኑ ደረሰ፤ ወልድያም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ለአራት ወራት ያህል ከቀሪው የአገሪቱ ክፍል ተቆራርጣ ቆየች። መብራት፣ ስልክና የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ። በዚያ ወቅት ባንክም ማኅበርም ተገልጋዩን አልደረሱለትም። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። የባንክ ሒሳብ መዝገብ በማዕከል የተያዘ በመሆኑ ቅርንጫፉ ቢዘረፍም የደንበኛው ሒሳብ አይጠፋም። መዝገቡን በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ሣጥን ብቻ የያዘ ማኅበር ግን ያ ክፍል ከተቃጠለ ማን ምን ያህል እንደቆጠበ የሚያስረዳው በአባሉ እጅ ያለው የቁጠባ ደብተር ብቻ ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔው ማኅበራትን መተው ሳይሆን ማጠናከር ነው። አነስተኛ ማኅበራት በዩኒየን ሲደራጁ አንዱ የተቸገረበትን ጊዜ ሌላው ሊሸፍንለት ይችላል። ገንዘባቸውን በካዝና ከማከማቸት ይልቅ በባንክ ማስቀመጥ፣ መዝገባቸውንም በኮምፒዩተር ይዘው ቅጂውን በሌላ ቦታ ማኖር ይችላሉ።

ቁጥጥሩ የማን ነው?

ባንክን የሚጠብቀው በዋናነት የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው። ማኅበርን የሚጠብቁት ግን በዋናነት አባላቱ ናቸው። የመንግሥት ኦዲተር በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ እንኳ በቀሩት ወራት ካዝናውን የሚያየው በጠቅላላ ጉባኤ የተመረጠው የቁጥጥር ኮሚቴ ነው። አባላት ከጉባኤ በቀሩ ቁጥር ሥራ አመራሩ ለዘመድ ያበድራል፣ ያልተመለሰ ብድር ይደባበቃል፣ ሒሳቡም ሳይዘጋ ከዓመት ዓመት ይሸጋገራል። ጉድለት በተገኘባቸው ማኅበራት ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከባዶ አዳራሽ ነው።

የጎረቤት አገር ተሞክሮም ይህንኑ ያስተምራል። በአፍሪካ ጠንካራ የቁጠባና ብድር ማኅበራት አሏት የምትባለው ኬንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለዘርፉ ብቻ የተለየ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች። ይህም ሆኖ ማኅበራቱ ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት አገር አቀፍ ኅብረት ላይ የተደረገ የምርመራ ኦዲት ከ13 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ መጉደሉን አመልክቷል። የተቆጣጣሪ መኖር አባላትን ከመጠየቅ ኃላፊነት እንደማያሳርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመወሰን በፊት

ተገልጋዮች ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር ከመግባታቸው በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጡ ይመከራል።

• ማኅበሩ በወረዳው ወይም በከተማው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበና የምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን፤
• የመጨረሻው ኦዲት መቼ እንደተካሄደና ውጤቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ እንደሆነ፤
• ከተሰጠው ብድር ውስጥ ጊዜው አልፎ ያልተመለሰው ምን ያህል እንደሆነ፤
• ቁጠባን ማውጣት የሚቻለው መቼ እንደሆነ፣ ከአባልነት ሲለቀቅ ዕጣው እንዴት እንደሚመለስ፤
• የብድር ወለዱ በመነሻው ገንዘብ ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ እንደሚታሰብ፤
• እያንዳንዱ ገቢና ወጪ በቁጠባ ደብተር ላይ በፊርማ መመዝገቡን።

ለሌላ ሰው ዋስ የሚሆን አባልም ፊርማው የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። ተበዳሪው ካልከፈለ ዕዳው ወደ ዋሱ ይመጣል፤ ቁጠባውም ሊያዝ ይችላል። አለመግባባት ሲፈጠር አዋጁ ጉዳዩ በቅድሚያ በዕርቅና በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይ ያደርጋል። ቅሬታ ያለው አባል በመጀመሪያ ለቁጥጥር ኮሚቴው፣ ቀጥሎም ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብና የቅሬታውን ቅጂ መያዝ ይኖርበታል።

በአጠቃላይ ባንክና ማኅበር አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም። ለድንገተኛ ችግር በማንኛውም ሰዓት የሚፈለግ፣ ከሩቅ የሚላክ ወይም ከፍ ያለ መጠን ያለው ገንዘብ መድን ባለው ባንክ ቢቀመጥ ይሻላል። በየወሩ እየተጠራቀመ ለዘር፣ ለሱቅ ዕቃ ወይም ለልጅ ትምህርት ብድር የሚያስገኘው ቁጠባ ደግሞ በጠንካራ ማኅበር ቢሆን ቤት ለሌለው ሰው የብድር በር ይከፍታል። ሙሉ ጥሪትን በአንድ ቦታ ብቻ ማኖር ግን በየትኛውም ተቋም አይመከርም። ማኅበርን የመረጠ ተገልጋይ ከደንበኝነት ወደ ባለቤትነት መሻገሩን ተገንዝቦ በጉባኤ መገኘትን፣ ሒሳብ መጠየቅንና ኮሚቴውን በጥንቃቄ መምረጥን ከወርሃዊ ቁጠባው እኩል እንደ ግዴታ ሊቆጥረው ይገባል። ለዝርዝር መረጃ የሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች በመርሳ፣ የከተማው ነዋሪዎች ደግሞ በወልድያ የሚገኘውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።